ቫሌንሲያ ቤት ከመያዛችሁ በፊት ፈፋው የት እንደሆነ እዩ

የስፔኗን ቫሌንሲያን አብዛኛው ሐበሻ የሚያውቃት በሩጫ ነው። ለተሰንበት ግደይ ኦክቶበር 7 ቀን 2020 በ5 ሺህ ሜትር 14 ደቂቃ ከ06.62 ሰከንድ ገብታ የጥሩነሽ ዲባባን ክብረ ወሰን የሰበረችው እዚሁ ቱሪያ ስታዲየም ነው (ቀኑንም ሰዓቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ስታዲየሙ ያለው ወንዝ ሆድ ውስጥ ነው። ወንዙ ተነሥቶ ሌላ ቦታ እንዲሄድ ስለተደረገ፣ ድሮ ውሃው ይወርድበት የነበረው 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ዛሬ መናፈሻ ሆኗል፤ የድንጋይ ድልድዮቹ እንዳሉ ናቸው፣ ከሥራቸው የሚያልፈው ግን ሯጭና ብስክሌት ነው። ከጀርመን ወደዚህ ለመዛወር ስናስብ ከተማዋን የወደድናት እዚያ መናፈሻ ውስጥ ነው። ያኔ «ወንዙን ለምን አነሡት?» ብለን ብንጠይቅ ኖሮ ቀጥሎ ያለውን ግማሹን አልጽፈውም ነበር።

መልሱ ኦክቶበር 14 ቀን 1957 ነው። ቱሪያ ያን ዕለት በሰከንድ 3,700 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ይዞ መሀል ከተማውን ሞላው፤ ከ80 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ወንዙን ከከተማው በስተደቡብ አዙረው 12 ኪሎ ሜትር የሚሆን አዲስ መውረጃ ቆፈሩለት። በሰከንድ 5,000 ሜትር ኩብ እንዲችል ተደርጎ የተሠራው ይህ ቦይ በ1973 አለቀ። ኦክቶበር 29 ቀን 2024 ሌላው ጎርፍ ሲመጣ ቦዩ የተቆፈረለትን ሥራ ሠራ፤ ከሱ በስተሰሜን ያለው ዋናው ከተማ ደረቅ አደረ። በስተደቡብ ያሉት ከተሞች ግን በሌላ ፈፋ ተጥለቀለቁ፤ በቫሌንሲያ አውራጃ ከ220 በላይ ሰው አለቀ። ስለዚህ ቤቱ ከቦዩ በየትኛው ወገን እንደሆነ ማወቅ ከሁሉ ይቀድማል። አድራሻው «ቫሌንሲያ» ስለሚል ብቻ አትመኑት። ላ ቶሬ የምትባለው ሰፈር በማዘጋጃ ቤት አከላለል ቫሌንሲያ ከተማ ውስጥ ናት፣ መሬቷ ግን ከቦዩ ደቡብ ስለሆነ ውሃው ገብቶባታል።

እኛ ቤት ስንፈልግ የያዝነው መስፈርት ሦስት ነበር፦ የኪራዩ ዋጋ፣ ለባቡር ያለው ቅርበት፣ እስከ ባሕሩ ያለው ርቀት። በዚህ ስሌት ከቦዩ ደቡብ ያሉት ፓይፖርታ፣ ካታሮሃ፣ አልፋፋር፣ ቤኔቱሴር የማይገኙ ዕድሎች ይመስላሉ። መሀል ከተማ ለመድረስ ባቡሩ ብዙ አይፈጅም፣ ኪራዩ ይረክሳል፣ በዚያ ላይ በሩ በቀጥታ መንገድ ላይ የሚከፈት፣ ከኋላው ትንሽ ግቢ ያለው ምድር ቤት ይገኛል። ግቢ ስትሉ ደግሞ ለእኛ ሌላ ነገር ነው፤ ከሰል አቀጣጥሎ ቡና መቁላት የሚቻልበት፣ ጎረቤት ጭስ ሸተተኝ ብሎ የማይከስስበት ቦታ። ወላጅ አምጥቶ የሚያኖር ሰው ደግሞ «እማማ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ደረጃ አይወጡም፣ ምድር ላይ ይሻላቸዋል» ይላል። ሐሳቡ ከፍቅር የመጣ ነው። በዚያ ምሽት ግን ከሞቱት ብዙዎቹ ምድር ላይ ይኖሩ የነበሩ አረጋውያን ናቸው።

ትልቁ ስሕተታችን አደጋውን ከባሕር መጠበቃችን ነው። በዚህ ዳርቻ ውሃው የሚመጣው ከጀርባ፣ ከተራራው ነው። በጋው ካለፈ በኋላም ባሕሩ ሞቆ ይቆያል። ከላይ ቀዝቃዛ አየር ከዋናው የነፋስ ፍሰት ተቆርጦ ሲቀር፣ ከምሥራቅ የሚነፍሰው እርጥብ ነፋስ ተራራው ላይ እየተገፋ ይወጣና ዝናቡ አንድ ቦታ ተተክሎ ለሰዓታት ይወርዳል። ድሮ «ጎታ ፍሪያ»፣ ቀዝቃዛ ጠብታ፣ ይሉት ነበር፤ ዛሬ «ዳና» ይሉታል። ያን ዕለት ቱሪስ በምትባለው ከተማ በ24 ሰዓት 771.8 ሚሊ ሜትር ዘነበ፤ ከዚህ ውስጥ 184.6 ሚሊ ሜትሩ የወረደው በአንድ ሰዓት ነው። ለማነጻጸር፣ አዲስ አበባ ዓመቱን ሙሉ የምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ዝናብ ብዙው ውሃ ራምብላ ዴል ፖዮ በተባለ፣ ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነ ፈፋ ወረደ። የፈፋው መለኪያ 18:55 ላይ በሰከንድ 2,282 ሜትር ኩብ መዝግቦ ራሱም ተወሰደ። ፓይፖርታ ላይ ግን ያን ከሰዓት ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልነበረም። ሰው ከሱቅ ዕቃ ይገዛ ነበር።

ለድሬዳዋ ልጅ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም። በ2006 ደቻቱ በሌሊት ወርዶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ ዝናቡ የነበረው ከከተማው በላይ ባለው ደጋ ነው። ደራሽ ውሃ የምንለው ይኸው ነው፤ ስፔኖች «ባራንኮ» ወይም «ራምብላ» የሚሉት ፈፋም እኛ አሸዋው ላይ ገበያ የምንዘረጋበት ዓይነት ነው። እዚህ ገበያ ባይዘረጉበትም በአንዳንድ ቦታ ዳሩ ላይ መኪና ያቆሙበታል። ግራና ቀኙ በሲሚንቶ የታጠረ፣ ሣር የበቀለበት ደረቅ ቦይ ከቤታችሁ አጠገብ ካያችሁ፣ ያ ቦይ ወንዝ ነው።

አሁን ወደ ካርታው። የስፔን መንግሥት በኢንተርኔት ለማንም ክፍት የሆነ፣ በነጻ የሚታይ አገር አቀፍ የጎርፍ ካርታ አለው፤ ፍለጋው ላይ የጎርፍ ቀጠና ካርታ የሚለውን «ካርቶግራፊያ ዴ ሶናስ ኢኑንዳብሌስ» ብላችሁ ታገኙታላችሁ። የቤቱን አድራሻ አስገቡና አራቱን ሽፋኖች አንድ በአንድ አብሩ፦ የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ500 ዓመት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «የ100 ዓመት ጎርፍ» ማለት በመቶ ዓመት አንዴ ይመጣል ማለት አይደለም፤ በእያንዳንዱ ዓመት 1 በመቶ ዕድል አለው ማለት ነው። የ30 ዓመት የባንክ ብድር ይዛችሁ ብትኖሩበት በዚያ ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመምጣቱ ዕድል 26 በመቶ ይሆናል። የ50 ዓመቱ 45 በመቶ፣ የ500 ዓመቱ 6 በመቶ ገደማ። የ10 ዓመቱ ቀጠና ውስጥ ከሆናችሁ ግን 96 በመቶ ነው፤ ያን ቤት ደላላው በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱት።

ሁለተኛው ካርታ የክልሉ ነው፤ ፓትሪኮቫ ይባላል። አደጋውን ከ1 እስከ 6 ይደለድላል፤ 1 የከፋው ነው። ድልድሉ ሁለት ነገር ያያል፤ ጎርፉ በየስንት ጊዜው እንደሚመጣ፣ ከመጣ ደግሞ ጥልቀቱ ከ80 ሳንቲ ሜትር እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ። ይህ 80 ሳንቲ ሜትር በደንብ ይታሰብበት፤ ከዚያ በታች የሆነውን በበር ላይ በሚገጠም መከላከያ ልትገቱት ትችላላችሁ፣ ከዚያ በላይ የሆነውን ግን አትችሉም። ከስድስቱ ደረጃዎች ሌላ «ጂኦሞርፎሎጂካ» የሚል ሽፋን አለ። ይኼኛው በኮምፒውተር ስሌት የተሠራ አይደለም፤ የመሬቱን ቅርጽና ውሃ ጥሎት የሄደውን ደለል አይቶ «እዚህ ውሃ ሄዶ ያውቃል» የሚል ነው። ደላላ ፊት ብታነሡት «እሱ ቁጥር የለውም፣ አያሳስብም» ይላችኋል። በእኔ ዓይን ከሁሉ በላይ ሊታይ የሚገባው እሱ ነው፤ የ2024ቱ ውሃ በአንዳንድ ቦታ ስሌቱ ካሰመረው መስመር አልፎ ሄዷልና።

ካርታውን ካያችሁ በኋላ ቤቱን ሂዱና በእግራችሁ እዩት። በሩ ላይ ቁሙና ከመንገዱ እስከ ቤቱ ወለል ስንት ደረጃ እንዳለ ቁጠሩ፤ አንድ ደረጃ 17 ወይም 18 ሳንቲ ሜትር ነው። መንገዱ ወደ የት እንደሚያዘቀዝቅ ተመልከቱ፤ ካልታወቃችሁ ከላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ አፍስሱበት። በቅርብ ፈፋ ላይ ድልድይ ካለ ቅስቱ ጠባብ እንደሆነ እዩ፤ ግንድ፣ ሸንበቆና መኪና ተወስዶ እዚያ ሲሰነቀር ድልድዩ ግድብ ይሆንና ውሃው ወደ መንገዱ ይመለሳል። ግድግዳው እስከ አንድ ቁመት ድረስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ወይም ሰድር ከተለጠፈበት ምክንያቱን ጠይቁ። በአንዳንድ ከተሞች ውሃው የደረሰበትን ቁመት የሚያሳይ ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ ፎቶ አንሥታችሁ አትለፉት፣ ከደረታችሁ ጋር ለኩት። ከሁሉ የሚሻለው ግን መንገድ ዳር ወንበር አውጥተው የሚቀመጡ አሮጊት ናቸው። «በ1957 ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ብሎ መጠየቅ በቂ ነው። እጃቸውን አንሥተው ያሳዩዋችኋል።

ስለ ፎቅ ያለኝ አቋም ይህ ነው። ካርታው ላይ የ100 ዓመቱ ቀለም ያረፈበት ምድር ቤት፣ መኝታ ክፍሉ መንገድ ደረጃ ላይ ከሆነ፣ በምንም ዋጋ አይያዝ። የ500 ዓመቱ ቀለም ያረፈበት ሕንፃ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ግን እኔ እኖርበታለሁ፤ ኖሬበታለሁም፣ ጎርፉ ሲመጣ ያጣነው መኪና ብቻ ነው። ጉልበታቸው ለሚያም ወላጅ መፍትሔው ምድር ቤት ሳይሆን ከቦዩ ሰሜን ወይም ከፍ ያለ መሬት ላይ ሊፍት ያለው ሕንፃ ነው። የሊፍቱ ሞተር ከላይ ነው ከታች ብላችሁ ጠይቁ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሞተር ውሃ ከገባው ሊፍቱ ለወራት ሊቆም ይችላል፣ እማማም አምስተኛ ፎቅ ላይ ታስረው ይከርማሉ።

ቤዝመንት ያለው መኪና ማቆሚያ ለብቻው መነሣት አለበት፣ ብዙ ሰው ያለቀው እዚያ ነው። መኪናዬን ላትርፍ ብሎ ወረደ፣ ውሃው በመወጣጫው እንደ ፏፏቴ ገባ። ሒሳቡን እዩት፤ 80 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው በር በአንድ ወገኑ 50 ሳንቲ ሜትር ውሃ ከቆመበት፣ ሌላው ወገን ደረቅ ከሆነ፣ በሩን የሚገፋው ኃይል 100 ኪሎ ያህል ነው። ውሃው አንድ ሜትር ሲደርስ 400 ኪሎ ይሆናል፤ ጥልቀቱ በእጥፍ ሲያድግ ግፊቱ በአራት እጥፍ ያድጋልና። አንድ ጎልማሳ ይህን በር አይከፍተውም። በዚያ ላይ መብራት ይጠፋል፣ መኪኖቹ ተንሳፍፈው መውጫውን ይዘጋሉ። ከ100 ሺህ በላይ መኪና ነው የተበላሸው፤ ሁሉም ቢደመሩ ከአንድ ሰው አይበልጡም። ቤት ውስጥ ከወዲሁ ተስማሙ፦ ማስጠንቀቂያ ካለ መኪናው በዋዜማው ይወጣል፣ በዕለቱ ግን ማንም አይወርድለትም።

ኑሮውስ? አይካድም፣ ያጓጓል። ጥር ላይ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብሎ ቡና መጠጣት፣ ሚያዝያ ላይ የብርቱካን አበባ ሽታ፣ ገበያው፣ ባሕሩ። የማይነግሯችሁ ነገር ግን አለ። ብዙ አሮጌ ቤት ማሞቂያ የለውም፤ ወለሉ ሰድር፣ ግድግዳው ስስ ነው። ጀርመን የሚበርደው ውጭው ነው፣ እዚህ ግን ቤቱ፤ ጃኬት ለብሶ ሳሎን መቀመጥ አዲስ አበባ ሐምሌን ያስታውሳል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሌሊቱ ይወብቃል። ከማርች 1 እስከ 19 በየቀኑ 14:00 ላይ መሀል አደባባይ ርችት ይፈነዳል፤ ሕፃን ወይም የጦርነት ትዝታ ያለበት ሰው ካላችሁ ይህን አስቡበት። የእኔ ሚዛን ወደዚህ ያደላል፦ ከባሕሩ በእግር አምስት ደቂቃ መኖር ያን ያህል ትርፍ የለውም። ከፍ ያለ ፎቅ ይዞ በትራም 20 ደቂቃ መሄድ ይሻላል፤ ባሕር በሳምንት ሁለቴ ቢሄዱበት ነው፣ ቤት ግን በየሌሊቱ ይታደርበታል። ለግቢው ግን አሁንም ሆዴ ይባባል።

ሌላም ከተማ ብታስቡ ይኸው ፈተና አይቀርም። ኦሊቫ ኖቬምበር 3 ቀን 1987 በአንድ ቀን 817 ሚሊ ሜትር ዘንቦባታል። ሁካር ወንዝ ላይ ያለው የቶውስ ግድብ ኦክቶበር 20 ቀን 1982 ተደርምሶ አልሲራንና አካባቢዋን አጥለቅልቋል። ሙርሲያ ውስጥ ያለችው ሎስ አልካሳሬስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ደጋግሞ ገብቶባታል። ወራቱ ይመሳሰላሉ፤ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኖቬምበር።

ኢንሹራንስ ላይ ስፔን ጥሩ ሥርዓት አላት፣ የማያውቀው ግን አይጠቀምበትም። ጎርፍን የሚከፍለው የግል ኩባንያው ሳይሆን ኮንሶርሲዮ የሚባለው የመንግሥት ተቋም ነው፤ ገንዘቡም የሚሰበሰበው በእያንዳንዱ የቤትና የመኪና ኢንሹራንስ ላይ ከምትከፍሉት ትንሽ ተጨማሪ ነው። ኢንሹራንስ ከሌላችሁ ኮንሶርሲዮም የላችሁም። ውሉ ከተፈረመ 7 ቀን ካላለፈው አይሠራም፤ ማስጠንቀቂያ ሰምቶ በማግሥቱ መግባት ዋጋ የለውም። ለመኖሪያ ቤት ከካሣው የሚቀነስ ነገር የለም፣ ለሱቅና ለድርጅት ግን 7 በመቶ ይቀነሳል። በጣራ በቀጥታ የገባ ዝናብና ከመሬት ሥር ከፍ ብሎ የወጣ ውሃ በዚህ አይሸፈንም።

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፦ ውሉ ላይ «ኮንቲኔንቴ» የሚለው ሕንፃውን፣ «ኮንቴኒዶ» የሚለው ዕቃውን ነው፤ ሁለቱም ለየብቻ ዋጋ ይጻፍላቸዋል። የ40 ሺህ ዩሮ ዕቃ እያላችሁ ወርኃዊው ይቀንስ ብላችሁ 20 ሺህ ብትጽፉ፣ የ10 ሺህ ዩሮ ጉዳት ሲደርስባችሁ የሚከፈላችሁ 5 ሺህ ነው። ተከራይ ደግሞ «ባለቤቱ ኢንሹራንስ አለው» ብሎ ይተኛል፤ የባለቤቱ ውል ግድግዳውን እንጂ የእናንተን አልጋና ኮምፒውተር አይሸፍንም።

ምድር ላይ ቤት ወይም ሱቅ ያለው ሰው በሩ ላይ ሁለት የብረት ሐዲድ አስገጥሞ የአሉሚኒየም ሳንቃ የሚያስገባበት መከላከያ ያሠራል፤ ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከፍ ቢደረግ ግፊቱ ግድግዳውን ይጎዳል። ግን በሩን ዘግቶ የፍሳሹን ቱቦ መርሳት የተለመደ ነው። ውሃው በመታጠቢያ ቤቱ ወለልና በሽንት ቤቱ ይወጣል፤ ስለዚህ ፍሳሹ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቫልቭ ያስፈልጋል፣ በዓመት አንዴም ተከፍቶ ይጸዳል። የመብራት ማከፋፈያውና ሶኬቶቹ ከ1.20 ሜትር በላይ ይውጡ።

በዕለቱ ምን እንደምታደርጉ ከወዲሁ ወስኑ፣ ስልካችሁ እስኪጮህ አትጠብቁ። ኦክቶበር 29 የአየር ትንበያው መሥሪያ ቤት ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ጠዋት 7:36 ላይ ነው፤ ለሕዝቡ ስልክ ላይ የጮኸው መልእክት ግን የደረሰው 20:11 ላይ ነው፣ ፈፋው ከተሞቹን ካጥለቀለቀ በኋላ። ስለዚህ የእኛ ደንብ ቀላል ነው፤ ትንበያውን ስናይ የምንኖርበትን ከተማ ብቻ ሳይሆን ፈፋው የሚነሣበትን፣ ቺቫንና ቱሪስን፣ እናያለን። እዚያ ማስጠንቀቂያው ብርቱካናማ (ከቀይ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለው) ከሆነ መኪናው ከቤዝመንት ይወጣል። ቀይ ከሆነ ሥራም ትምህርት ቤትም አይኬድም። ውሃ መንገድ ላይ ከታየ ደረጃ መውጣት ነው እንጂ መኪና ማስነሣት አይደለም፤ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሄድ ውሃ አብዛኛውን መኪና አንሥቶ ይወስደዋል።

ውሃው ከሄደ በኋላ የሚቀረው ጭቃ ነው፣ እንደ ሊጥ የሚይዝ። ከመጥረጋችሁ በፊት ግድግዳው ላይ የቀረውን የውሃ መስመር ሜትር አስጠግታችሁ ፎቶ አንሡ፤ የፍሪጁንና የልብስ ማጠቢያውን መለያ ቁጥርም እንዲሁ። ጭቃው እርጥብ ሳለ ይውጣ፣ ከደረቀ በመዶሻ ነው። ወደ ፍሳሽ ጉድጓድ አትግፉት፤ ቱቦው ይዘጋና ቀጣዩ ዝናብ ተመልሶ ቤት ይገባል። ውሃ የነካው መኪና ሞተሩ እንዳይነሣ፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ሊተርፍ ይችል የነበረውን ሞተር ይሰብረዋል። ብሬከሩን ባለሙያ ሳያይ አታብሩ። በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር አይደባለቅ። የጂፕሰም ግድግዳ ከሆነ ከውሃው መስመር በላይ ቆርጣችሁ አውጡት፣ የጡብ ከሆነ ለወራት ይደርቃል፤ ቶሎ ቀለም የቀባ ሰው ሻጋታውን ነው የሸፈነው።

አካፋ፣ ሰፊ የጎማ መጥረጊያና የጎማ ቦቲ በዚያ ሳምንት ከየሱቁ አልቀው ነበር። እኛ አሁን የምንኖረው ከቦዩ ሰሜን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበሩ ኋላ ግን ሁለት አካፋ፣ አንድ መጥረጊያ፣ ሁለት ጥንድ ቦቲ፣ 20 ሊትር ውሃ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮና የተሞላ ፓወር ባንክ አለ። ለራሳችን ላያስፈልገን ይችላል። ቤኔቱሴር ምድር ቤት የሚኖሩ ዘመዶች አሉን።